አንድ ልብ ወለድ ለአንድ ክፍል

ልብ ወለድን በጋራ ማንበብ ማለት የአንድ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ አንድን ረጅም ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አብረው ዘልቀው መጨረስ ማለት ነው። መጽሐፉ በክፍለ ጊዜው ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ አንዱ ሲያነብ ሌላው በዓይኑ ወይም በጆሮው ይከተላል፤ የታሪኩ ደስታም ሆነ ድንጋጤ ሁሉንም በአንድ ሰዓት ያገኛቸዋል። በቋንቋ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የገባን የሁለት ገጽ ቅንጫቢ አንብቦ ከሥሩ ያሉትን አምስት ጥያቄዎች መመለስ ከዚህ የተለየ ሥራ ነው። ቅንጫቢው ቃላትንና ሰዋስውን ለማስተማር ይበቃል። የአንድ ገፀ ባሕርይ ቀስ በቀስ መለወጥ፣ በምዕራፍ ሁለት የተጣለ ፍንጭ በምዕራፍ አሥራ ሁለት መብቀሉ፣ አንባቢው አምርሮ ለጠላው ሰው ውሎ አድሮ መራራቱ ግን በሁለት ገጽ አይገኝም። ለዚያ ርዝመት ያስፈልጋል።

ተማሪው ለብቻው ቤቱ የሚያነበውም የራሱ ቦታ አለው፤ ሆኖም የጋራውን ንባብ አይተካም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሌለበት ቀበሌ የሚመጣ ልጅ ብዙውን ጊዜ ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤተሰቡ እያመጣ ነው የሚማረው። ማታ ምግቡን ራሱ ያበስላል፤ ልብሱን ያጥባል፤ መብራት ሲጠፋ ደብተሩን ይዘጋል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ፣ ከቤተሰብ ጋር ብትኖርም እንኳ የቤቱ ሥራ ይጠብቃታል። መጽሐፉ በእጃቸው የለም። ለእነዚህ ልጆች «አንብባችሁ ኑ» የሚለው ትእዛዝ ጊዜና መጽሐፍ ያለው እንዲያነብ፣ የሌለው እንዲቀር አስቀድሞ መወሰን ነው። በክፍል ውስጥ የሚነበብ መጽሐፍ ግን ቅጂ የሌለውንም፣ ቀስ ብሎ የሚያነበውንም ይዞ ይጓዛል።

ሦስት ቋንቋ ያለው ክፍል

የጋራ ንባቡን በምሳሌ ለማየት የቡሬን ክፍሎች እንውሰድ። ቡሬ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የጎጃሙ ነው። እዚህ የተያዘው የኢሉባቦሩ ቡሬ ነው፦ ከመቱ ተነሥቶ በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ሊጀምር ሲል የሚገኘው የቡና ከተማ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ ተጭኖ ቡሬን አልፎ ጋምቤላ ይወርድ፣ ከዚያም በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ይጓዝ ነበር። ከተማው የመተላለፊያ ከተማ በመሆኑ ብዙ ቋንቋ ሰምቶ ያደገ ነው።

ዛሬ በዚያ አካባቢ 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል የሚቀመጥ ተማሪ ሦስት የንባብ ቋንቋ አለው። አፋን ኦሮሞ የአብዛኛው ተማሪ የአፍ መፍቻ ነው፤ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮም የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆኖ ቁቤ በተባለው የላቲን ፊደል ይጻፋል። አማርኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ደግሞ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ስለዚህ መምህሩ ልብ ወለድ ሲመርጥ መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን ቋንቋውንም መምረጡ ነው። በሦስቱም ቋንቋ የሚነበብ ጥሩ ልብ ወለድ ስላለ ይህ ለኢሉባቦር ክፍሎች ሸክም ሳይሆን ሀብት ነው። አንድ ተማሪ በአራቱ የሁለተኛ ደረጃ ዓመታት በእያንዳንዱ ቋንቋ ቢያንስ አንድ ሙሉ ልብ ወለድ ከክፍሉ ጋር ሊጨርስ ይችላል።

ጮክ ብሎ ማንበብ ለእንዲህ ያለው ክፍል የተለየ ጥቅም አለው፤ ጥቅሙም ከፊደሉ ይጀምራል። ቁቤ የሚጠብቀውን ድምፅ ሁለት ጊዜ ጽፎ ያሳያል፤ የሚረዝመውን አናባቢም እንዲሁ። የአማርኛ ፊደል ግን ጥብቀትን አያሳይም። «አለ» ተብሎ የተጻፈ ቃል ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው። ልብ ወለድ በንግግር የተሞላ በመሆኑ ይህች ቃል በየገጹ ትመላለሳለች። በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ሳያስበው ይለያታል፤ በቁቤ ማንበብ የለመደ ልጅ ብቻውን ሲያነብ ግን እያንዳንዷ «አለ» ላይ ይደናቀፋል። ጥሩ አንባቢ ሲያነብለትና በዓይኑ ሲከተል፣ ማንም ደንቡን ሳያስተምረው፣ ጆሮው የትኛው የት እንደሚገባ ይለምዳል። «ገና» እና «ዋና» የሚሉትን የመሰሉ ቃላትም በዚሁ መንገድ ይገባሉ። በአንጻሩ አፋን ኦሮሞ የቤት ቋንቋው ያልሆነ ተማሪ ኦሮምኛ ልብ ወለድ ሲነበብ ተመሳሳይ እገዛ ከጓደኞቹ ያገኛል።

ጆሮ የለመደው ንባብ

በጋራና ጮክ ብሎ ማንበብ ከውጭ የመጣ የማስተማር ስልት አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንባብ ቤት የገባ ልጅ ግእዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብና ቁም ንባብ እያለ በየደረጃው የሚወጣው በድምፅ ነው፤ መምህሩ ይሰማል፣ ያርማል፣ ሌሎቹም አብረው ይሰማሉ። በቁርኣን ቤትም ልጆች ሉሕ ይዘው ተሰብስበው በድምፅ ይቀራሉ። በኦሮሞ ቤት ደግሞ ማታ እሳት ዙሪያ ዱርዱሪ (ተረት) ይነገራል፤ ሂቦ (እንቆቅልሽ) ይጠየቃል። ኢሉባቦር ውስጥ ሦስቱም ልማድ በአንድ ከተማ፣ አልፎ አልፎም በአንድ ሰፈር ይገኛል። ሁለተኛ ደረጃ የገባ ልጅ ንባብ ማለት ዝም ብሎ በዓይን መከተል እንደሆነ ሲነገረው ከለመደው ተነጥሎ ነው የሚቆየው።

የሬዲዮ ትረካም ይህንኑ ጆሮ ነው ያገኘው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ፕሮግራም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ መጽሐፉን ገዝቶ የማያውቅ፣ ፊደል ያልቆጠረም ጭምር፣ ታሪኩን ሰማ። ትረካው ዛሬም በስልክ ሚሞሪ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ብዙ ኢትዮጵያዊ የታሪኩን ፍቅረኞች በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የሚያውቃቸው በወጋየሁ ድምፅ ነው። አንድ ድምፅ አንድን ረጅም መጽሐፍ ለሕዝብ ሁሉ ማድረስ ከቻለ፣ ስልሳ ተማሪ ላለበት ክፍል ማድረስ አያቅተውም።

በሌላ አገር የተደረገ ጥናትም ይህንኑ ይደግፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የእንግሊዝ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ10 ትምህርት ቤቶች ከሚያስተምሩ 20 የእንግሊዝኛ መምህራን ጋር ያካሄዱትን ሙከራ ውጤት አሳተሙ። የ12 እና የ13 ዓመት ልጆች በ12 ሳምንት ውስጥ ሁለት ከበድ ያሉ ልብ ወለዶች በክፍል ውስጥ ጮክ ተብለው፣ በፍጥነት፣ ሳይቆራረጡ ተነበቡላቸው። የልጆቹ የንባብ ችሎታ በመለኪያው ሲታይ በአማካይ የ8 ወር ተኩል ያህል እድገት አሳየ። ደካማ አንባቢ የነበሩት ደግሞ የ16 ወር ያህል ተራመዱ። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ የመጨረሻው ነው። ደካማ አንባቢ ሲገኝ የተለመደው መፍትሔ አጭርና ቀላል ጽሑፍ መስጠት ነው፤ በዚህ ሙከራ ግን ይበልጥ የረዳው ረጅሙና ከባዱ፣ ከሌላው ጋር እኩል የተነበበው መጽሐፍ ነው። ልጁ ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ሲጓጓ ያልገባውን ቃል አልፎ ይሄዳል፤ ቃሉ በሌላ ገጽ ሲመለስ ይገባዋል።

የመጽሐፍ ምርጫ

ለኢሉባቦር ክፍሎች ከአማርኛ ልብ ወለዶች ሁሉ ቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው የበዓሉ ግርማ ሥራ ነው። በዓሉ የተወለደው እዚያው ኢሉባቦር፣ ሱጴ አካባቢ ነው። ልጅ ሳለ ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ አሜሪካ ሄዶ ጋዜጠኝነትን አጠና፤ ተመልሶም የ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣና የሌሎች ኅትመቶች አዘጋጅ ሆነ። «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም.፣ «የሕሊና ደወል» በ1966 ዓ.ም. ወጡ። «የሕሊና ደወል» በኋላ ሰፍቶ በ1975 ዓ.ም. «ሐዲስ» በሚል ርእስ ታተመ። ዋና ገፀ ባሕርዩ ወጣት መምህር ነው፤ ታሪኩም ትምህርትና ኢሉባቦር ላይ ያተኩራል። በዚያው ዓመት «ኦሮማይ» ታትሞ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም።

አንድ የቡሬ ተማሪ የራሱን አገር ዝናብ፣ የራሱን አገር ጭቃና ቡና፣ የራሱን ዓይነት ትምህርት ቤት በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ሲያገኝ የሚሰማው ነገር ትልቅ ነው። ልብ ወለድ ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሰው፣ ስለ ሌላ አገር ነው ብሎ ያደገ ልጅ፣ መጽሐፍ የሚጻፍበት አገር ሰው መሆኑን ያኔ ያውቃል። ለዚህ ነው «ሐዲስ» ወይም ከእርሱ የሚያጥረው «የሕሊና ደወል» ለመጀመሪያ የአማርኛ የጋራ ንባብ የሚመረጠው። ከበዓሉ ሥራዎች «ደራሲው» እና «ኦሮማይ» ለ12ኛ ክፍል ቢቆዩ ይሻላል፤ የአዋቂ ኑሮና የፖለቲካ ጊዜያቸው ብዙ ማብራሪያ ይፈልጋል።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የታተመ የጎጃም ታሪክ ነው። ደራሲው ግን ከኢሉባቦር ጋር የማይረሳ ትውውቅ ነበረው። ጣሊያን አገሩን ሲወርር የራስ እምሩን ጦር ተከትሎ ዘመተ፤ ጦሩ ወደ ምዕራብ ሲያፈገፍግ ጊዜያዊው መንግሥት የተቀመጠባት ጎሬ ደረሰ። ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ሲማረኩ ሐዲስም ተማርኮ ወደ ጣሊያን ተወሰደ፤ የእስር ዘመኑንም በደሴቶች ላይ አሳለፈ። ከጦርነቱ በፊት መምህር፣ በኋላም የትምህርት ሚኒስትር ነበረ። ይህ ታሪክ ለተማሪዎች ከተነገረ መጽሐፉ ከእነርሱ ጋር የማይዛመድ የሩቅ አገር ወግ መስሎ አይታያቸውም።

ችግሩ ርዝመቱ ነው። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ አንዲት ገጽ ጮክ ተብላ ስትነበብ ደግሞ ሦስት ደቂቃ ያህል ትወስዳለች። 40 ደቂቃ ካለው ክፍለ ጊዜ ስም ጥሪውና ወሬው ሲቀነስ ለንባብ የሚተርፈው ግማሽ ሰዓት ቢሆን፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ አሥር ገጽ ይነበባል፤ መጽሐፉም ከ50 ክፍለ ጊዜ በላይ ይፈልጋል ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢነበብ ከግማሽ ዓመት በላይ ይወስዳል። የ200 ገጽ መጽሐፍ ግን በ20 ክፍለ ጊዜ፣ በአሥር ሳምንት ያልቃል። ረጅሙን ቆራርጦ ከማንበብ አጭሩን ሙሉውን መጨረስ ይበልጣል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ዓመቱን ሙሉ ለሚሰበሰብ የሥነ ጽሑፍ ክበብ፣ ከትረካው ቅጂ ጋር፣ የተመቸ ነው። አንድ ልብ ወለድ በጥቂት ሳምንት ጨርሶ የማንበብን ልምድ ለማስጀመር ለሚፈልግ መምህር ደግሞ በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለው፣ አለ። መቶ ገጽ እንኳ አይሞላም። አማርኛው የቆየ በመሆኑ ንባቡን መምህሩ ቢይዘው ይመረጣል። «ልብ ወለድ» የሚለው ስያሜም ከዚህ መጽሐፍ ርእስ ጋር የተያያዘ መሆኑ ለተማሪዎች ሊነገር ይገባል።

በአፋን ኦሮሞ ልብ ወለድ ዘግይቶ ቢጀምርም መሠረቱ የተጣለው በኢሉባቦር ተወላጅ ነው። በሁሩሙ አካባቢ ተወልዶ በልጅነቱ በባርነት የተሸጠው፣ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣው አናሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተመ። ከእርሱ ጋር የሠራችው አስቴር ጋኖ ደግሞ ከአፍ የሰበሰበቻቸው ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዜማዎች እ.ኤ.አ. በ1894 በወጣው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል። ሁለቱም ሥራ የተጻፈው በግእዝ ፊደል ነበር። የመጀመሪያው የኦሮምኛ ልብ ወለድ ተደርጎ የሚታወቀው የጋዲሳ ብሩ «ኩሳ ጋዶ» ብዙ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1991 ወጣ፤ የዳባ ወየሳ «ጎዳኒሳ» ተከተለ፤ የኢሳያስ ሆርዶፋ «ዮሚ ላታ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። በአፍ መፍቻው የሚነበብ ልብ ወለድ ላይ ተማሪው ስለ ቃል ሳይጨነቅ ስለ ታሪኩ ስለሚያስብ፣ ውይይትን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። 9ኛ ክፍል በኦሮምኛ ቢጀመር፣ 10ኛው በአማርኛ ቢቀጥል መልካም ነው።

በእንግሊዝኛ ሲሆን ኢትዮጵያውያን የጻፏቸው ይቅደሙ። የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ዘ አፈርሳታ» እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣ፣ በአንድ የጉራጌ መንደር የተቃጠለ ጎጆ ጉዳይ የሚመረመርበት አጭር ልብ ወለድ ነው። አፈርሳታ፣ ማለትም የመንደሩ የምርመራ ሸንጎ፣ ምን እንደሆነ ከአያት የሰማ ተማሪ ታሪኩን ለመከተል እንግሊዝኛው ብዙ አያስቸግረውም። የናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተመው «ቲንግስ ፎል አፓርት» በብዙ የአፍሪካ አገሮች ትምህርት ቤቶች የሚነበበው በከንቱ አይደለም፤ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ይመጥናል። የዳኛቸው ወርቁ «ዘ ሰርቲንዝ ሳን» ግን ለሁለተኛ ደረጃ ይከብዳል።

ሥጋዊ ፍቅርን በዝርዝር የሚያሳይ ገጽ ሲመጣ መምህሩ አስቀድሞ አንብቦት ሊዘጋጅ ይገባል። የ16 ዓመት ልጅ በጓደኞቹ ፊት እንዲያነበው አይሰጥም። መምህሩ ራሱ ረጋ ብሎ ያነበዋል ወይም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልሎ ያልፈዋል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ወንበር በሚቀመጥበት ክፍል ሃይማኖት የሚነካ ገጽም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል፤ ነገር ግን በዚህ ምክንያት መጽሐፉን ሙሉ በሙሉ መተው አያስፈልግም።

ዝናብ፣ ቡናና ቅጂ

የኢሉባቦርን የትምህርት ዓመት የሚቆርጡት ቡናና ዝናብ ናቸው። የቡና ለቀማ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በሚበረታበት ጊዜ ብዙ ልጆች ከቤተሰብ ጋር ይለቅማሉ፤ በዚያ ወቅት የተጀመረ መጽሐፍ ምዕራፍ ባመለጣቸው ልጆች ይሞላል። ግንቦት ከገባ ደግሞ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድበው ከፊት ወንበር ያለው ተማሪ እንኳ አንባቢውን አይሰማም። አገሩ ከኢትዮጵያ በዝናብ ከታደሉት አንዱ በመሆኑ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለጋራ ንባብ የሚመቸው ጊዜ ከጥር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ያለው ነው፤ አሥሩ ሳምንት በትክክል ይገባበታል። ከሰዓት በኋላ ከሚሆን ይልቅ የጠዋት ክፍለ ጊዜ ይመረጣል።

ቅጂ ሁልጊዜ ያንሳል። ለስልሳ ተማሪ ሃያ ቅጂ ካለ፣ ሦስት ተማሪ በአንድ መጽሐፍ፣ ሥራው በደንብ ይሄዳል። ሃያው ቅጂ የአንድ ክፍል ብቻ መሆን የለበትም፦ ሁለት ክፍል ሰኞና ረቡዕ፣ ሁለት ክፍል ማክሰኞና ሐሙስ ቢያነቡት አራት ክፍል በአንድ መንፈቅ ይጠቀምበታል። ከአሥር በታች ከሆነ ግን ለሁሉም ለማዳረስ መታገል ይብቃ፤ አንዱን መምህሩ ይዞ ያንብብ፣ የቀሩት ለቀጣይ አንባቢዎች መለማመጃ ይሁኑ። ክፍሉ በጆሮው ይከተላል። የተገነጣጠለ አሮጌ ቅጂ ሲገኝ በየምዕራፉ ለይቶ በካርቶን መጠረዝም አንዱን መጽሐፍ ለብዙ እጅ ያደርሳል። ሙሉ መጽሐፍን ፎቶ ኮፒ ማድረግ ግን መፍትሔ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ሙሉ መጽሐፍ ማባዛትን ይከለክላል፤ ደራሲውን ለማክበር በሚያስተምር ክፍል ውስጥ ደግሞ ይህ ይበልጥ ያስጠይቃል።

ንባቡ ሲካሄድ

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች የመምህሩ ናቸው። ተማሪው የተራኪውን ድምፅ፣ የገፀ ባሕርያቱን አነጋገርና የሥርዓተ ነጥቡን ትንፋሽ የሚቀበለው ከእርሱ ነው። መምህሩ ቤቱ ሳይለማመድ ገብቶ ያነበበ እንደሆነ ክፍሉ ወዲያው ያውቅበታል። ከዚያ በኋላ ንባቡ ይከፋፈላል፦ ትረካውን አንዱ፣ የእያንዳንዱን ገፀ ባሕርይ ንግግር ሌሎች ይይዛሉ። በሚኒ ሚዲያ ማይክሮፎን የለመዱ ልጆች በዚህ ጎበዝ ናቸው፤ ይሁን እንጂ እነርሱ ብቻ እንዲነግሡበት መተው አይገባም።

በድንገት «አንተ ተነሥና አንብብ» ማለት የጋራ ንባብን ከሚገድሉት ነገሮች የመጀመሪያው ነው። የሚደናቀፍ ልጅ ስልሳ ሰው እየሰማው ሲደናቀፍ የሚማረው ነገር መጽሐፍን መፍራት ነው። አንባቢ ከዋዜማው ይታወቃል፤ የሚያነባትን አንዲት ገጽ ወስዶ ያድራል፤ ጠዋት በአግባቡ ያነባል። ለደካማው ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። አንዲት ልጅ ግማሽ ገጽ ሳትደናቀፍ አንብባ ስትቀመጥ ክፍሉ ዝም ብሎ ያዳመጣት መሆኑን ታውቃለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሙሉ ገጽ ትጠይቃለች።

ሁለተኛው ገዳይ በየዓረፍተ ነገሩ ቆሞ ቃል መፍታት ነው። ለታሪኩ የግድ የሆኑ ሰባት ስምንት ቃላት ከንባቡ በፊት ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ፤ ትርጉማቸው በአማርኛም በኦሮምኛም ይነገራል፤ ከዚያ ወደ ኋላ አይባልም። የቀረው በታሪኩ ፍሰት ይገባል። የገፀ ባሕርያት ስምና ዝምድና የተሣለበት አንድ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የጠፋው ተማሪ ቀና ብሎ ያያል። የቀረ ተማሪ ሲመለስ ደግሞ የክፍለ ጊዜውን የመጀመሪያ አምስት ደቂቃ ጓደኛው ያለፈውን ይተርክለታል፤ ይህ ለተራኪውም ጥሩ ልምምድ ነው። ክፍለ ጊዜው የሚቆመው ምዕራፉ ሲያልቅ ሳይሆን ነገሩ ሲሞቅ ነው። በእረፍት ሰዓት ተማሪዎች ስለ ነገው ሲከራከሩ ንባቡ ከመምህሩ እጅ ወጥቶ የእነርሱ ሆኗል።

ውይይትና ምዘና

ውይይቱ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢሰጠው ይበቃል። አሜሪካዊቷ ሉዊዝ ሮዘንብላት እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመችው መጽሐፍ የሥነ ጽሑፍ ትርጉም በገጹ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ዕቃ ሳይሆን አንባቢውና ጽሑፉ ሲገናኙ የሚፈጠር መሆኑን አስረድታለች። ለክፍል ሲተረጎም፣ መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ ጥያቄ ውይይት አያስነሣም ማለት ነው። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ንባብ «የበዛብህ አባት ማን ይባላል?» የሚለው የማስታወስ ጥያቄ ነው። «ጉዱ ካሣ እብድ ነው ወይስ ከሁሉ ጤነኛ?» የሚለው ግን ክፍሉን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሁለቱም ወገን ገጽ እየገለጠ ማስረጃ ማምጣት ይኖርበታል። መምህሩ በዚህ ሰዓት ዳኛ እንጂ ተከራካሪ አይደለም።

ጥያቄ ከከተማው ኑሮ ጋር ሲገናኝ ይበልጥ ይሰምራል። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ገበሬዎች በግብር ምክንያት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ያምፃሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የገባርና የጭሰኛ ኑሮን እስኪያስቀር ድረስ በኢሉባቦር ቡና መሬት ላይ ምን ዓይነት ግብር እንደነበረ የሚያስታውሱ አዛውንቶች በየቀበሌው አሉ። ተማሪዎች ሄደው ቢጠይቁ፣ የሰሙትን ከመጽሐፉ ጋር ቢያስተያዩ፣ ልዩነቱንም አንድነቱንም ይዘው ይመጣሉ። ጎጃም ውስጥ ርስት የነበረው ገበሬ እና ኢሉባቦር ውስጥ ርስቱን ያጣው ገበሬ አንድ እንዳልሆኑ የሚያውቅ ተማሪ ልብ ወለዱንም ታሪኩንም ከተራ አንባቢ በላይ ተረድቷል።

የውይይት ቋንቋን በተመለከተ አንድ ነገር በግልጽ ሊነገር ይገባል። የአማርኛ ልብ ወለድ ያነበበ ተማሪ ስለ እርሱ በኦሮምኛ ቢናገር ሊከለከል አይገባም። ሐሳቡ በአፍ መፍቻው ሲወጣ ጥልቅ ነው፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ በአማርኛ እንዲጽፈው ቢጠየቅ የሚጽፈው ነገር አግኝቷል። ከመጀመሪያው በአማርኛ ብቻ እንዲናገር የተገደደ ብዙ ተማሪ ዝም ይላል፤ መምህሩም ዝምታውን አለመረዳት አድርጎ ይተረጉመዋል።

ምዘናው ላይ መምህራን የሚቸገሩት ብሔራዊ ፈተናው የምርጫ ጥያቄ በመሆኑ ነው። ተማሪዎቹን ለዚያ ማዘጋጀት ግዴታ ቢሆንም፣ ለጋራ ንባብ የተከታታይ ምዘናው ነጥብ ይበቃዋል። ጮክ ብሎ የተነበበ አንድ ገጽ ነጥብ ሊኖረው ይችላል፤ በውይይት የቀረበ አንድ ማስረጃም እንዲሁ። በየሳምንቱ በደብተር የሚጻፍ አጭር ማስታወሻ፣ ለምሳሌ «ዛሬ ከተነበበው ያስቆጣኝ» የሚል፣ ተማሪው መከታተሉን ከማንኛውም የምርጫ ጥያቄ በላይ ያሳያል። መምህሩ ሁሉንም ማረም ካልቻለ በየሳምንቱ አሥራ አምስት ደብተር ቢያይ በወር ሁሉንም ይዳረሳል።

የመጨረሻው ሥራ ከመጨረሻው ገጽ በፊት ይሰጣል። ንባቡ የመጨረሻው ምዕራፍ ደጃፍ ላይ ይቆምና እያንዳንዱ ተማሪ መጨረሻውን ራሱ ይጽፋል፤ በፈለገው ቋንቋ፣ ከሁለት ገጽ ባልበለጠ። ጥቂቶቹ በክፍል ይነበባሉ። ከዚያ የደራሲው መጨረሻ ይነበባል፤ ተማሪው የራሱን ምርጫ ከደራሲው ምርጫ ጋር አስተያይቶ ለምን እንደተለያዩ በአንድ አንቀጽ ይጽፋል። ወረቀቶቹ ተሰብስበው ይጠረዛሉ፤ ሽፋናቸው ላይ የክፍሉ ስምና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፋል። ከሃያዎቹ ቅጂዎች ጋርም ወደ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተመልሰው ከልብ ወለዱ ጎን በመደርደሪያው ላይ ይቀመጣሉ።